ሞተርሆም ገዝተናል፤ ሲአርቪያችንን ከኋላ እየጎተትን ሎስ አንጀለስ መውረድ እንችላለን?

ቤዛ_አውሮራ · ቅዳሜ ማታ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው ወር እኔና ባለቤቴ የ2012 ሞተርሆም፣ አልጋና ማብሰያ ያለውን የመኪና ቤት፣ ገዛን። ሻሲው ፎርድ ኢ-450 ነው፤ ሞተሩ ቪ-10። ርዝመቱ 28 ጫማ ሲሆን 41,000 ማይል ብቻ ነው የሄደው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ ሆነን አምስት ነን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከኮሎራዶ ተነስተን ሎስ አንጀለስ ወንድሜ ጋ ልንወርድ አስበናል። መንገዳችን በአይ-70 ዩታን አቋርጦ በአይ-15 ነው።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የ2013 ሆንዳ ሲአርቪያችንን ከኋላ ጎትተን መሄድ እንፈልጋለን። በዚህ ትልቅ መኪና ከተማ ለከተማ መዞር አይሆንልንም። ሁለተኛ፣ እናቴ እንጀራ ከሌለ ምግብ በላሁ አትልም። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን እዚያ ውስጥ ይሠራል ወይ? ሦስተኛ፣ ከሹፌሩ በላይ ያለው አልጋ ጥግ ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ቡናማ ነጥብ አለች። የሸጠልን ሰው "የቆየ ነው፣ ተሠርቷል" ብሎናል።

ባለቤቴ "ቪ-10 እኮ ነው፣ ይጎትታል" ይላል። እኔ ግን ልጆቼን ስለምጭንበት እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ።

ባለ_18_ጎማ · ቅዳሜ ማታ

ቤዛ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። የቤተሰብ መንገድን የሚያህል ነገር የለም።

ባለቤትሽ አልተሳሳተም፤ ይጎትታል። ቪ-10 መጎተት አያቅተውም። ጥያቄው ያቆመዋል ወይ ነው። ኃይል ቢያንስ ዳገት ላይ ቀስ ብለሽ ትወጫለሽ እንጂ ሰው አይጎዳም። ክብደት ሲበዛ ግን ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ አክሰሉም አብረው ነው የሚጎዱት።

ነገ ጠዋት የሹፌሩን በር ክፈቺና የተለጠፈውን ወረቀት አንብቢ። የሞተርሆሙ ሙሉ ክብደት ከስንት እንዳይበልጥ፣ የፊት አክሰልና የኋላ አክሰል ለየብቻ ስንት እንደሚችሉ ተጽፏል። በዚያ ዘመን ኢ-450 ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኚው ጠቅላላው 14,500፣ የፊቱ 5,000፣ የኋላው 9,600 ፓውንድ ነው። ከሚጎተተው መኪና ጋር ተደምሮ 22,000 ነው። የአንቺው ግን የሚታመነው እዚያ ወረቀት ላይ ያለው ብቻ ነው። ከዚያ ከኋላ ጎንበስ ብለሽ መጎተቻው ላይ ያለውን ጽሑፍ እይ። ኢ-450 ስለሆነ ብቻ ብዙ ይጎትታል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ መጎተቻዎች 5,000 ፓውንድ ነው የሚሉት። ከሁሉም ትንሹ ቁጥር ነው የሚገዛሽ።

ሲአርቪሽ ወደ 3,500 ፓውንድ ነው። በቁጥር ደረጃ ያልፋል። ግን ሞተርሆሙ ራሱ ስንት ይመዝናል? ይሄን ወረቀት አይነግርሽም። ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ ውሃ፣ ሙሉ ጋዝ፣ ልብስ፣ ምግብ፣ አምስታችሁም ተሳፍራችሁ የከባድ መኪና ማረፊያ ሂዱና ካት ሚዛን ላይ ውጡ። እኛ ሹፌሮች በየጊዜው የምንመዘንበት ነው። የፊት ጎማ አንዱ ሰሌዳ ላይ፣ የኋላው ሌላው ላይ ይሆናል። ለየብቻ የተጻፈ ወረቀት ይሰጡሻል። ያንን ወረቀት እዚህ አምጪልን።

ምጣድ_በመንገድ · ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት

የእማማን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ፤ ስድስት ዓመት በሞተርሆም ዞሬያለሁ፤ እንጀራ ያልበላሁበት ጉዞ የለም።

ምጣድሽን ገልብጠሽ ከታች ያለውን ዋት አንብቢ። አብዛኞቹ ወደ 1,400 ናቸው። በ120 ቮልት ይሄ 12 አምፒር ገደማ ነው። የእናንተ ሞተርሆም ባለ 30 አምፒር ይመስለኛል። ማለትም ካምፕ ውስጥ ስትሰኪው በአንድ ጊዜ ከ30 አምፒር በላይ አትጠቀሚም። ኤሲው ከ13 እስከ 15 ይወስዳል። የውሃ ማሞቂያውን በኤሌክትሪክ ካደረግሽው ሌላ 12 ነው። ሦስቱን ደምሪያቸው። እናትሽ ሁለተኛዋን እንጀራ ሳያሰፉ መብራቱ ድርግም ይላል። ስለዚህ ምጣድ ሲጣድ የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዙሪ፣ ማይክሮዌቭ አትንኪ። ያኔ ኤሲና ምጣድ አብረው ይሄዳሉ።

ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ በፍጹም። አንድ ጊዜ ሰኔ ላይ ዩታ ውስጥ ለመብራት የገዛሁትን ገመድ ተጠቀምኩ። አራተኛዋ እንጀራ ላይ ገመዱን ስነካው እንደ ሻይ ብርጭቆ ያቃጥላል። መሰኪያው ጫፍ ላይ ፕላስቲኩ ለስልሶ ቅርጹን ለቆ ነበር። ባለ 12 ጌጅ ወፍራም ገመድ ግዢ፤ ለምጣዱ ብቻ ይሁን።

በባትሪ መጋገር የሚያምራችሁ ካላችሁ ደግሞ ሒሳቡ ይሄ ነው። 1,400 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሳብ፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ 120 ቮልት የሚቀይረው) የሚበላው ተጨምሮ ከ120 አምፒር በላይ ነው። አንድ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ100 አምፒር በላይ ሲጠየቅ ራሱን ይዘጋል። እኔ ሁለት ባለ 100 ጎን ለጎን አገናኝቼ፣ ባለ 2,000 ዋት ኢንቨርተር አድርጌ ወደ 20 እንጀራ እጋግራለሁ። ኢንቨርተሩ ከባትሪው በጣም ቅርብ መሆን አለበት። ሽቦው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ፊውዙም ባትሪው አፍ ላይ። ይሄን ሥራ የኤሌክትሪክ ሰው ይሥራው።

አንድ ሌላ ነገር። ሊጥ ክዳኑ በተጠረቀመ ባልዲ ይዛችሁ ተራራ አትውጡ። ሊጡ ራሱ እየቦካ አየር ያወጣል፤ ከፍታውም ይጨምርበታል። እኔ አይ-70 ላይ ካለው አይዘንሃወር ዋሻ ሳልደርስ ክዳኑ ተፈናጥሮ ሊጡ ምንጣፉ ላይ ነበር። ክዳኑን ላላ አድርጉት፣ ባልዲውን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፣ ሻወሩ ውስጥ አስቀምጡት።

ቆርቆሮና_ጎማ · እሑድ ጠዋት

እኔ ደግሞ ያቺ ቡናማ ነጥብ አላስተኛችኝም።

በዚህ ዓይነት ሞተርሆም ከሹፌሩ በላይ ያለው አልጋ ዋናው የውሃ መግቢያ ነው። ንፋስና ዝናብ ፊት ለፊት የሚመታው እሱን ነው። የፊት መስኮቱ ጠርዝ፣ የጣሪያው መጋጠሚያ፣ ከላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ሁሉ ውሃ ያስገባሉ። ውሃው የገባበትና ነጥቡ የታየበት ቦታ ደግሞ አንድ አይደሉም።

ፍራሹን አንሺው። የታችኛውን እንጨት በአውራ ጣትሽ በየእጅ ስንዝሩ ተጫኚ፤ በተለይ ጥጎቹን። ጠንካራ ከሆነ ጥሩ። ከሰመጠ ወይም እንደ እርጥብ ዳቦ ከሆነ ውስጡ በስብሷል። ከዚያ ውጪ ወጥተሽ ግድግዳውን በጎን እይው። ያበጠ፣ የሞገደ ነገር ካለ ውሃው ውስጥ ቆይቷል ማለት ነው። ከእቃ መደብር የእርጥበት መለኪያ ገዝተሽ ደረቅ የሆነ ቦታና ነጥቡ ያለበትን አወዳድሪ።

የእኔን ስገዛ ሻጩ ተመሳሳይ ቃል ነበር ያለኝ። "የቆየ ነው።" አመንኩት። በሁለተኛው ክረምት የአልጋውን ጥግ ስነካው ጣቴ ገባ። ገልጠነው ስናይ ከፊት መስኮት እስከ በሩ ድረስ ያለው አጣና ሁሉ በእጅ የሚፈረፈር ሆኗል። ለጥገናው የከፈልኩት ከገዛሁበት ሩብ ይበልጣል።

ጣሪያውም ላይ ውጪ። ጎማ ጣሪያ ከሆነ ሲሊኮን አትቀቢ። ሲሊኮን ላይ ሌላ ምንም ነገር አይጣበቅም፤ በኋላ የሚያስተካክለውን ሰው ታስለቅሺዋለሽ። ለአር ቪ (ለሞተርሆም) ጣሪያ ተብሎ የተሠራ፣ ራሱ የሚተኛ ማሸጊያ አለ፤ ዳይኮር ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። ለጎን ግድግዳ ደግሞ የማይፈሰው ዓይነት አለው። የነዳጅ ዘር ያለበት ማጽጃ ጎማውን ያሳብጠዋል፤ ራቂ። እኔ በየሦስት ወሩ እወጣለሁ። የአየር ማስወጫው ዙሪያ፣ የአንቴናው ሥር፣ የሶላሩ ቡሎን ሁሉ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካየሁ እዚያው እደፍናለሁ።

ቤዛ_አውሮራ · እሑድ ከሰዓት

አሁን ከፍራሹ ሥር ወጣሁ። መሐሉ ደረቅ ነው። የቀኙ ጥግ ግን ሁለት ስንዝር ያህል ይሰምጣል። ባለቤቴም ተጫነው፤ ዝም ብሎ ቆየና "ነገ መሰላል አመጣለሁ" አለ።

ቆርቆሮና_ጎማ · እሑድ ከሰዓት

ሁለት ስንዝር ከሆነ ገና አላመለጣችሁም። ግን ከላይ ያለውን ቀዳዳ ሳታገኙ ከውስጥ እንዳትደፍኑት። መጀመሪያ ውሃው የሚገባበት ይዘጋ፣ ከዚያ ከውስጥ ክፍት ተደርጎ በማራገቢያ ይድረቅ፣ በመጨረሻ እንጨቱ ይቀየር። ከላይ ቀኝ በኩል ካሉት መብራቶች ጀምሩ።

ሰማንያ_ማይል · እሑድ ማታ

ሲአርቪው እንዴት እንደሚጎተት ማንም አልተናገረም። እኔ ዶሊ፣ ባለ ሁለት ጎማዋን ትንሽ ተሳቢ፣ ነው የምመርጠው። የፊት ጎማዋን ብቻ ዶሊው ላይ ታስሪያለሽ፤ መኪናዋ ላይ ብረት መግጠም የለም፣ መበሳት የለም።

ባለ_18_ጎማ · እሑድ ማታ

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ዶሊ ራሱ ክብደት አለው፤ ካምፕ ስትደርስ ማስቀመጫ ይፈልጋል፤ ዝናብ ላይ ተንበርክከህ ጎማ ማሰር አለ። የሷ ሲአርቪ ደግሞ በአራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆና እንድትጎተት ሆንዳ ከፈቀደላቸው ናት። እስከ 2014 ሞዴል ይፈቀዳል፣ ከ2015 ጀምሮ ካምቢዮው ስለተቀየረ አይፈቀድም። ይሄን የማያውቁ ሰዎች ካምቢዮ አቃጥለዋል። ቶዮታ ራቭ4 አውቶማቲክም እንደዚህ አይጎተትም፤ ለሌሎች አንባቢዎች ነው የምለው።

ቤዛ፣ ሥርዓቱ ይሄ ነው፤ በየቀኑ ጠዋት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ሲአርቪዋን አስነሺ። ፍሬን ረግጠሽ ማርሹን በሁሉም ላይ አሳልፊው። ከዚያ ዲ ላይ አምስት ሰከንድ ያዥና ወደ ኤን አምጪው። ሞተሩ ኤን ላይ ሆኖ ሦስት ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ አጥፊው። የእጅ ፍሬኑን ፍቺ። ቁልፉን አንደኛው ቦታ ላይ ተዪው፤ አለዚያ መሪው ይቆለፋል። ወደ ኤን የሚመጣው ከዲ ነው፣ ከአር በፍጹም። ካምቢዮው ውስጥ ዘይቱ የሚቀመጥበት ቦታ በዚህ ነው የሚወሰነው። ጉዞው ከስምንት ሰዓት ከበለጠ ቆማችሁ ይደገማል። ከ65 ማይል በላይ አትሂዱ። ቁልፉ እዚያ ቦታ ስለሚውል ባትሪው ይደክማል፤ ከሞተርሆሙ ቻርጅ የሚያደርግ ሽቦ አስገቢ።

መጎተቻው ብረት አግድም መተኛት አለበት። የሞተርሆሙ ጫፍ ከመኪናዋ ከፍ ቢል ከ3 ኢንች አይብለጥ። ካልሆነ የሚያስተካክል ብረት ይሸጣል። የደኅንነቱን ገመድ አጠላልፋችሁ እሰሩ። እና ሲአርቪዋ የራሷ ፍሬን ያስፈልጋታል። ብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ ሲሆን ይጠይቃሉ፤ ካሊፎርኒያ ከዚያም ያነሰውን። ሕጉ ባይኖርም አድርጉት። ሹፌሩ ፔዳል ሲረግጥ የሷንም ፔዳል የሚረግጥ ሳጥን አለ። ገመዱ ቢበጠስ ብቻዋን የምትቆምበትን ማብሪያም አትርሱ።

አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላ አትሂዱ። አንድ ሜትርም ቢሆን። የፊት ጎማዎቿ ይጠመዘዛሉ፣ መጎተቻው ይታጠፋል። ነዳጅ ማደያ ከመግባታችሁ በፊት በየት እንደምትወጡ እዩ።

ሰማንያ_ማይል · እሑድ ማታ

ኋላ አለመሄዱን እኔም በዶሊ አውቀዋለሁ። የሦስት ደቂቃውን ነገር ግን አላውቅም ነበር። ለራሴ መኪና አጣራለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ጋሽ_ኤንትሬ · ሰኞ ጠዋት

ልጆቼ፣ አገር ቤት ኤን ትሬ ከነተሳቢው 11 ዓመት ነድቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ዴንቨር ነኝ። ይህቺ ልጅ እናቷን ይዛ ስለምትሄድ ስለ ቁልቁለቱ አንድ ነገር ልበል።

ጣርማ በርን የሚያውቅ ሰው የአይዘንሃወርን ዋሻ ይረዳዋል። በምዕራብ በኩል ሲወጡ ከፍታው 11,158 ጫማ ነው። እዚያ ላይ አየር የለም። ቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው ሦስት በመቶ ያህል ይደክማል። ስለዚህ ዳገቱ ላይ ሲጮህ አትደንግጡ፤ በቀኝ መስመር፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ የሙቀቱን መርፌ እያያችሁ ውጡ።

ከዋሻው እንደወጣችሁ ግን እስከ ሲልቨርቶርን ከተማ ወደ 8 ማይል ቁልቁለት ነው። አባይ በረሃ ስንወርድ ትልልቆቹ ያስተማሩን አንድ ቃል ነበር፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። እዚህም ያው ነው። ዋሻው ውስጥ እያላችሁ የቶው ሆል ቁልፉን (ለመጎተትና ለከባድ ጭነት የተሠራውን) ተጫኑ፤ ማርሽ መያዣው ጫፍ ላይ ነው። ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርዳችኋል፤ ይጮሃል፣ ይጩህ። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መዋል የለም። ፍጥነቱ ሲያልፍ ጠንከር አድርገው ረግጠው ዝቅ ያደርጉታል፣ ይለቁታል፣ ይቀዘቅዛል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቆሙ፤ አትቸኩሉ። መኪናው ብዙ ስለሚቆም የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ጠጥቶ ይሆናል። ከመነሳታችሁ በፊት ይቀየር።

ቤዛ_አውሮራ · ሰኞ ማታ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የእርስዎን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበው። የፍሬን ዘይቱን ለሐሙስ ቀጠሮ ይዘናል።

ከፍራንክፈርት · ማክሰኞ

እኛ ጋ በቢ መንጃ ፈቃድ ከ3,500 ኪሎ በላይ ስለማይነዳ ገና ስንገዛ ነው ሚዛን የምንጨነቀው። የእናንተ ኢ-450 እዚህ ቢመጣ ሌላ መንጃ ፈቃድ ነው የሚፈልገው። ክሩን እየተከታተልኩ ነው፤ ሚዛኑን ሳትነግሩን እንዳትሄዱ።

ምጣድ_በመንገድ · ማክሰኞ

ቤዛ፣ የ2012 ስለሆነ ሁለት ነገር ዛሬውኑ እይ። የጋዝና የጭስ ማስጠንቀቂያዎቹን ከግድግዳው ነቅለሽ ጀርባቸውን አንብቢ። የጋዙ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት፣ የጭሱ 10 ዓመት ነው። ካልተቀየሩ ጊዜያቸው አልፏል፤ አዲስ ግዢ። ቡናም ስታፈሉ ከሰል ውስጥ አይግባ፤ መስኮቱ ክፍት ቢሆንም አይግባ። ከውጪ ዳሱ ሥር ቆሉት፣ አፍሉት። እማማም ንፋስ ያገኛሉ።

ባለ_18_ጎማ · ማክሰኞ

ጎማስ? ጥርሱ አዲስ መስሎ አያታልላችሁ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2314 ካለ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሞተርሆም ጎማ የሚሞተው በመሄድ ሳይሆን በመቆም ነው። ሰባት ዓመት ካለፈው እኔ ቤተሰብ አልጭንበትም። ከኋላ የውስጠኛው ጎማ በእግር ሲመቱት ሙሉ ይመስላል፤ በመለኪያ ብቻ ነው የሚታወቀው፣ ጠዋት ሳይሞቅ። ተጠባባቂውንም እዩ።

ቤዛ_አውሮራ · በቀጣዩ ቅዳሜ

ወረቀቱን አምጥቻለሁ። አምስታችንም ተሳፍረን፣ ሁሉ ሞልቶ ተመዘንን።

ፊት 4,420። ኋላ 9,780። ድምር 14,200።

ድምሩን ሳይ ደስ አለኝ፤ ከ14,500 በታች ነው። ባለቤቴ ነው "ኋላውን እይ" ያለኝ። የኛ ወረቀት 9,600 ነው የሚለው። 180 ፓውንድ አልፈናል፤ ሲአርቪዋ ገና አልተቀጠለችም።

ጎማዎቹ የ2015 ናቸው። ስድስቱንም ሰኞ ጎሚስታ ጋ እናስቀይራለን። ውሃው የሚገባው በቀኙ ላይኛው መብራት ሥር ነበር፤ ማሸጊያው እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰነጣጥቆ ነበር። ማራገቢያው አሁንም እየሠራ ነው።

ባለ_18_ጎማ · ቅዳሜ

ይሄው፣ ለዚህ ነው ሚዛን ያልኩት። የውሃ ታንኩ የት ነው?

ቤዛ_አውሮራ · ቅዳሜ

ከኋላ አልጋው ሥር። 40 ጋሎን።

ባለ_18_ጎማ · ቅዳሜ

አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ነው። 40ው ከ330 በላይ ሆነ፤ ያውም ከኋላ አክሰል አልፎ። እንደ ሚዛን እንጨት ነው፤ ኋላውን ሲጫን ፊቱን ያነሳል። ፊት ሲቀል ደግሞ መሪው ይቀላል፣ ንፋስ ይወስደዋል። 10 ጋሎን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ ካምፕ ስትደርሱ ትሞሉታላችሁ። ከኋላው መጋዘን ከባድ የሆነውን ሁሉ ወደ ፊት አምጡ። ከዚያ ድጋሚ ተመዘኑ። ዩታ ውስጥ ግሪን ሪቨር ላይ ግን ነዳጅ ሙሉ፤ ከዚያ እስከ ሳላይና ከ100 ማይል በላይ ማደያ የለም። የመጠጥ ውሃም በእጅ ያዙ።

ቤዛ_አውሮራ · እሑድ ከሰዓት

ዛሬ ተመለስን። 10 ጋሎን ውሃ። የባለቤቴን የዕቃ ሳጥን ከኋላ አውጥተን በሩ አጠገብ አስቀመጥነው። የእናቴ ሙቀጫ ወንበሩ ሥር ገባ፤ ይቅር ብላት እምቢ አለች።

ፊት 4,560። ኋላ 9,390። ድምር 13,950። ከሲአርቪዋ ጋር 17,500 አካባቢ እንሆናለን።

የመጎተቻው ብረትና የፍሬኑ ሳጥን አርብ ይገጠማሉ። የተበላሸውን እንጨት ቆርጠን አውጥተነዋል፤ አዲሱን ቀለም የምትቀባው ልጄ ናት። እናቴ ጤፉን ማክሰኞ ታቦካለች፤ ክዳኑ ላላ ብሎ።

ጋሽ_ኤንትሬ · እሑድ ማታ

በርቺ ልጄ። ሲልቨርቶርን ስትደርሱ ቁሙና የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ እጅሽን ቀረብ አድርገሽ ሙቀቱን እይ፤ አትንኪው። አንደኛው ወገን ከሌላው በልጦ ከሞቀ ንገሪኝ።